ከቆዳ ጥራጊ አፈር ያወጡት እትዬ አስካለ

የእትዬ አስካለ ማረፍ የተነገረኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዴር ግባር ሰፈር፣ ማዳም ቤት መስኮት ሳጸዳ ነው። ጨርቄን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እዚህ ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማም አገር ቤትም ለምታውቋቸው ሁሉ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እሳቸው ቆዳ ፋብሪካ ያጸዱ ነበር። ከጥሬው ቆዳ የሚቆረጠው ትርፍና የሚላጨው ጸጉር በጆንያ እየሆነ ሲጣል አይተው አንጀታቸው አልቻለም። ከምንከራየው ቤት ጀርባ ደግሞ ድንጋይና አቧራ ብቻ የቀረው ቁልቁለት አለ። ባለቤቱ አቡ ሰሊም ሲሚንቶ አፍስሶ መኪና ሊያቆምበት ነበር። አንድ የዝናብ ወቅት እንዲታገሣቸው ለመኑት፤ አፈር ሠርቼ የምዘራው ገብስ ካልበቀለ ሲሚንቶው ይፍሰስ አሉት።

ጥራጊውን ከገለባና ከበግ ፍግ ጋር ጉድጓድ ውስጥ እየደረቡ፣ ውሃ እያርከፈከፉ፣ በየሳምንቱ በአካፋ እየገለበጡ ያበሰብሱት ነበር። ሽታው ሲነሳ ጎረቤታችን ከመስኮት ማንን ነው የቀበራችሁት ትለናለች። እትዬ በዓረብኛ «ድህነትን ነው፤ ነይና አልቅሺ» ይሏታል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ልርዳቸው ብዬ ከፋብሪካው ሰማያዊ ለስላሳ ፍቅፋቂ በጆንያ አምጥቼ፣ ቆዳ ያው ቆዳ ነው ብዬ ደባለቅሁት። ለካ ሰማያዊው ክሮም በሚሉት ኬሚካል የለፋ ነው፤ መሬት ይበክላል። ዝናቡ ደግሞ እየቀረበ ነበር። እትዬ አይተው አልተቆጡም።

«ብርቄ፣ ለሰው የማታቀርቢውን ለመሬትም አታቅርቢ። ሁሉንም እናውጣው» አሉኝ።

ለቅመን ብንለየውስ ብላቸው፣ «አንዲት ሰማያዊ ብትቀርስ?» አሉ።

ያን ሁሉ ድካም ፋብሪካው እንዲያስወግደው በጆንያ መለስን። ሌላ ቦታ ቆፍረን ከዜሮ ጀመርን። ጉልበታቸው አብጦ ነበርና በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነው የገለበጡት።

ዝናቡ መጣ፤ ገብሱም ቀጠን ብሎም ቢሆን በቀለ። አቡ ሰሊም ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው። ስለ ሲሚንቶው ዳግም አላነሳም።

አላነሳም ያልኩት እስከ ቀብሩ ነው። ከቀብር ስንመለስ፣ ገብሱ ያልደረሰበትን የቁልቁለቱን የታችኛውን ገላጣ አሁን ማን ይሠራዋል፣ ሲሚንቶ ላፍስበት እንጂ አለኝ። እኔ አለሁ አልኩት። አንቺማ ዛሬ አብዱን ሰፈር ነገ ረቢየህ ሰፈር የሰው ቤት ስታጸጂ፣ መች ትገኛለሽና ብሎ ሳቀ። ዓርብ ዓርብ እረፍቴ ነው፣ ያኔ ታየኛለህ አልኩት።

እትዬ፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ከፋብሪካው ጥሬውን ብቻ ትናንት አስመርጬ ተቀብያለሁ፤ እያንዳንዱን በእጄ ፈትሼዋለሁ። አንዲትም ሰማያዊ አልቀረችበት። የታችኛው ጉድጓድ ተጀምሯል። አፈሩ ይቅለልዎት።