መድኑ ለጥራት መክፈል የጀመረ ጊዜ

ቆቦ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የጤና መኮንን ሆኜ ስሠራ በፍጥነቴ እኮራ ነበር። በገበያ ቀን ሰልፉ ከግቢው በር ቢወጣ እንኳ ከምሳ በፊት እጨርሰዋለሁ። የጤና መድኑ የሚከፍለን በታካሚ ብዛት ስለነበር አለቃችን በየስብሰባው ያመሰግነኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

በኋላ አከፋፈሉ ተለወጠ። የመድኑ ገምጋሚዎች እየመጡ የታካሚውን ካርድ ያነባሉ፤ በደንብ መርምሮ በደንብ ለጻፈ ባለሙያ ማበረታቻ አለ ተባለ። በመጀመሪያው ግምገማ አንደኛ የወጣችው ከጎኔ ባለው ክፍል የምትሠራው ልጅ ናት። ገና ትናንት የተመረቀች፣ አንድ ሰው ይዛ ግማሽ ሰዓት የምትቀመጥ። ስሟ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም። አሮጊቶቹ እጇን ይዘው ሲመርቋት እንኳ ያንገበግበኝ ነበር። ምቀኛ አታሳጣኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ፤ እሷ ሳትጸልይ እኔን አገኘች።

ሁለተኛው ግምገማ ሲቃረብ ካርድ ተለዋውጠን እርስ በርስ እንድንገማገም ታዘዝን። የእሷ ለእኔ ደረሰኝ። በሬን ዘግቼ ስህተት ፍለጋ ተቀመጥኩ፤ ያልተለካ የደም ግፊት፣ ያለ ምክንያት የታዘዘ መርፌ። አንድም አጣሁ። ከመካከል አንዱን ስገልጥ የእናቴ ስም ተጽፎበታል።

እናቴ የምትኖረው እዚያው አቅራቢያ፣ ሮቢት ነው። በየሳምንቱ እሄድባታለሁ። ራሴን ያመኛል ስትለኝ ከኪሴ ማስታገሻ አውጥቼ እሰጣትና ምሳዬን በልቼ እወጣለሁ። ለካ ግፊቷ ከፍ ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፣ መድኃኒትም ጀምራለች። እኔ አንገቴን ሳላቀና «ቀጥሎ» እያልኩ ስጣራ እሷ በክፍሌ በር አልፋ ከጎን ገብታለች። ልጅቱ የማን እናት እንደሆነች እያወቀች አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

ሕመሙ ሁሉ እንደ ወጉ በእንግሊዝኛ ሰፍሯል። ከታች ግን አንድ መስመር በአማርኛ ነበር። እስካሁን ለምን ሳይታከሙ ቆዩ ተብላ ስትጠየቅ እናቴ የመለሰችው ነው፦ «ልጄ እዚሁ ሐኪም ነው። ጥድፊያ ይበዛበታል፤ አላስቸግረው ብዬ ነው።»

ለልጅቱ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ ፈረምኩ። ቅናቴ ግን አልበረደም። ከዚያ ቀን ወዲህ የምቀናባት በማበረታቻው ሳይሆን በእናቴ ነው።