ቀለም አልይዝ ያሉ ላሞች

እጃጂ አካባቢ የግብርና ባለሙያ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ። ከሁሉም በላይ የለፋሁት ግን ከአውራ ጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ላሞችን ቀለም ለመቀባት ነው።

ከእጃጂ ከተማ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ የተራቆተ ተዳፋት ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ እየቦረቦረው ከታች ያሉትን ማሳዎች ድንጋይ ያለብሳቸዋል። የእኔ ሥራ ተዳፋቱ ለጥቂት ዓመታት ከከብት ንክኪ እንዲጠበቅ ገበሬዎቹን ማስማማት ነበር። ሁለት ጊዜ ሰበሰብኳቸው። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ካርታ ዘርግቼ አወራሁ፣ እነሱ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ በማግስቱ ከብቱ ሁሉ እዚያው ተዳፋት ላይ ተሰማርቶ ዋለ።

ካርታው ለእነሱ ወረቀት እንጂ መሬት እንዳልሆነ ሲገባኝ ተዳፋቱን በሰፊ ጣውላ ላይ በጭቃ ሠራሁት። ወንዙን፣ ምንጩን፣ ቤቶቹን፣ ሁሉንም አሳየሁ። የጎደለኝ ከብት ብቻ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ወደ ቤቴ ወደ አምቦ ስሄድ ከገበያ ሁለት ከረጢት መጫወቻ ላሞች ገዛሁ። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ ናቸው። ቀለማቸው ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ስብሰባ እያንዳንዱ ሰው በከብቶቹ ቁጥር ልክ ከከረጢቱ አንሥቶ በሚያሰማራበት ቦታ እንዲያቆም ጠየቅሁ። ተሳሳቁ እንጂ ማንም እጁን አልሰነዘረም። በመጨረሻ ባለቤታቸው የሞቱባቸውና ብቻቸውን የሚያርሱ አንዲት እናት ተነሡና አረንጓዴዋን ላም በሁለት ጣት ብድግ አደረጓት። አገላብጠው አዩና መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጧት።

«ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የምናወራው በኦሮምኛ ነበር። «ይቺ እንቁራሪት ናት። የእኔ ላም ዳለቻ ናት።»

ሰዉ ከልቡ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ግን ሳይስቁ፣ የልጅ ዕቃ ይዘህ ስለ ከብታችን አታወያየን ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። በባዶው የዛፍ ጥላ ሥር ከሴትዮዋ ጋር ቀረሁ። «ሀርሜ፣ በሚቀጥለው ዳለቻዋን ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው፤ ሀርሜ እናቴ እንደ ማለት ነው። እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም ነበር።

አምቦ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች በአንዱ አንድ ጣሳ የሚረጭ ግራጫ ፕራይመር ገዛሁ። ዋናው ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባው መነሻ ቀለም ነው። ላሞቹን ሁሉ ጓሮ ጋዜጣ ላይ ደርድሬ ረጨሁባቸው። ሲያዩዋቸው ያምሩ ነበር። በማግስቱ አንዷን ሳነሣ ጣቴ ላይ ተጣበቀች፤ የጣቴም አሻራ ጀርባዋ ላይ ቀረ። ሰኔ ስለነበር በዝናቡ አመካኘሁ። ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ግማሾቹ ደርቀዋል፣ ግማሾቹ አሁንም እንደ ማር ይጣበቃሉ።

ምናልባት አብዝቼ ይሆናል ብዬ ሁለተኛውን ሙከራ ክንዴን ዘርግቼ ከሩቅ ረጨሁ። ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ ስለሚደርስ ላሞቹ አሸዋ የተነሰነሰባቸው መሰሉ። ሦስተኛውን ቀርቤ ረጨሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀለሙ ወርዶ ሆዳቸው ሥር ተንጠለጠለ። ተናድጄ ሁሉንም በቀለም ማቅጠኛው ቲነር ላጥባቸው ተነሣሁ። አንዷን ገና ሳሻት እግሮቿ ለሰለሱና እጄ ላይ ተንበረከከች።

ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከሥራ እንደገባች ያቺን ላም አንሥታ አየቻት። «አሁንስ ታመመች» አለችኝ።

«ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«እዚህ ታች ጋራዥ ያሉትን ሰውዬ ለምን አትጠይቅም? ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሲቀቡ የኖሩ ሰው።»

 ጋሼ የምንላቸው መኪና ቀቢ ቅዳሜና እሁድ ስመጣ በራቸው ላይ ሰላም የምንባባል ሰው ናቸው። ግን ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ የመንግሥት ሠራተኛ መጫወቻ ይዤ ፊታቸው ለመቆም አፈርኩ። ይህን ሳልነግራት ገባት መሰለኝ፣ «ታካሚ አፍሮ ምልክቱን ሲደብቀኝ እኔም ማከም አልችልም» አለችና ወደ ቤት ገባች።

በማግስቱ ላሞቹን በከረጢት ይዤ ሄድኩ። ጋሼ የሚኒባስ በር በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ ነበር። አልሳቁብኝም። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ላሞቹን አንድ በአንድ የሚኒባሱ ወንበር ላይ ደረደሯቸውና ይጠይቁኝ ጀመር።

«ጣሳውን ምን ያህል ናጥኸው?»

«ትንሽ።»

«ከምን ያህል ርቀት ረጨህ?»

ነገርኳቸው።

«አጥበሃቸዋል?»

«አዲስ ናቸው እኮ ጋሼ።»

«አዲስ ስለሆኑ ነው የሚታጠቡት! ፋብሪካው ከቅርጹ እንዲላቀቁለት ቅባት ነገር ይቀባቸዋል። ቅባት ላይ ቀለም ይይዛል እንዴ?»

ከዚያ የአንዷን ላም እግር አጠፉት፤ እንደ ጎማ ታጠፈና ተመለሰ። የሌላዋን ቢሞክሩት አልታጠፍም አለ። ሁሉንም እንዲህ እየሞከሩ ለሁለት ከፈሏቸው። የሚታጠፉት በሙሉ የሚጣበቁት ሆነው ተገኙ። ሁለቱ ከረጢቶች ውስጥ የነበረው አንድ ዓይነት ፕላስቲክ አልነበረም። ለአራት ሳምንት ያህል አንድ ላይ ስረጫቸው ይህን አላየሁም።

«ይሄኛው ደረቅ ነው፤ ታጥቦ በስሱ ከተረጨ ይይዛል» አሉኝ። «ያኛው ለስላሳ ነው። ለስላሳው ውስጡ ዘይት አለው፣ ያ ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ፕራይመርህ እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ዓመት ብትጠብቀው አይደርቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርጋቸው?»

አሰቡ። «የግድግዳ የውሃ ቀለም ከነጭ ኮላ ጋር ቀላቅልና በብሩሽ ቀባው። እኔ በለስላሳ ላይ ሞክሬው አላውቅም፣ አልዋሽህም። በአንዷ ብቻ ሞክርና እያት። ሁሉንም ባንዴ ለመጨረስ ምን አስቸኮለህ?»

ልወጣ ስል ምን ቀለም ልቀባቸው እንዳሰብኩ ጠየቁኝ። የመጀመሪያዋ ዳለቻ ናት አልኳቸው።

«የትኛው ዳለቻ? አመድማ ነው ወይስ ወደ ቡና የሚያደላ? ግንባሯ ላይ ነጭ አላት?»

 ያቺን ላም አይቻት አላውቅም። ለስድስት ወር ስለ ከብቶቹ ስናገር ቆይቼ የአንዱን ከብት መልክ አላውቅም ነበር። ጋሼ ወደ ሚኒባሱ በር ተመለሱ። እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ፊቴ እንደ ጋለ ሄድኩ።

በሳምንቱ ሴትዮዋ ቤት በጠዋት ደረስኩ። ላሟን ማየት እንደምፈልግ ስነግራቸው ግራ ተጋቡ፤ ሆኖም ይዘውኝ ወጡ። አመድማ ናት፤ ከቀኝ ዓይኗ በላይ ጣት የምታህል ነጭ አላት። ጻፍኩ። ላሟ ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ አብረን ሄድን። መንገዱ ልናጥረው ባሰብነው ተዳፋት መሐል ሰንጥቆ ምንጩ ጋ ይወርዳል።

«ሌላ መንገድ የለም?» አልኳቸው።

«በታች በኩል የሰው ማሳ ነው። በላይ በኩል ገደል። የት ልውሰዳት?»

«ስብሰባው ላይ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ መች ጠየቅኸኝ?» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም። «ካርታህን ስታሳየን ነበር።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቤት ለቤት ዞርኩ። የከብት መልክ ልጽፍ ገብቼ፣ ማን ምንጩን እንደሚጠቀም፣ ማን ለበሬዎቹ ሣር እንደሚያጣ ሰምቼ ወጣሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው የሄዱት ሽማግሌ ሳይቀሩ ቡሬ በሬያቸውን ጎኑን እየዳበሱ አሳዩኝ።

የላሞቹን የተበላሸ ቀለም ፍቄ አነሣሁና በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጠብኳቸው። ደረቆቹን ፀሐይ በወጣበት ሰዓት፣ ጣሳውን ክንዴ እስኪዝል ንጬ፣ በስሱ ሁለት ጊዜ ረጨኋቸው፤ ያዘ። ከለስላሶቹ በአንዷ ላይ የኮላውን ቅልቅል ሞከርኩ። በማግስቱ በጥፍሬ ቧጠጥኳት፤ አልተነሣም፣ አልተጣበቀምም። ባለቤቴ መልካቸውን ከማስታወሻዬ እያነበበችልኝ ቀባሁ፤ ዳለቻዋን ራሷ ቀባቻት።

በአራተኛው ስብሰባ ከረጢት አላስፈለገም። ላሞቹን ጣውላው ጫፍ ላይ ደረደርኳቸው፤ ሰዉ ተጠግቶ ጎንበስ አለ። «ይቺ የኔ ናት!» «የለም፣ የአንተዋ ቀንዷ ወደ ኋላ ነው።» ሽማግሌው ቡሬያቸውን አንሥተው የጎኑ ነጭ ተሳስቷል ብለው ገሠጹኝ፤ ግን አልመለሱትም። ሁሉም ከብቱን ሲያቆም ተዳፋቱ ጠቦ እግር ማሳረፊያ ጠፋ።  «ይሄ ሁሉ እዚህ ላይ ነው እንዴ የሚውለው?» ያለው ከመሐላቸው አንዱ ነው።

ሴትዮዋ ዳለቻቸውን ምንጩ ጋ አቆሟት። በዚያ በኩል በአጥር የሚለይ የከብት መተላለፊያ እንዲተው ሐሳብ አቀረብኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩበት፤ ስፋቱን ቀነሱብኝ፣ አቅጣጫውንም ወደ ላይ አዞሩት። በዚያው ቀሪው ተዳፋት እንዲዘጋ ተስማሙ።

ከስምምነቱ በኋላም አልፎ አልፎ አጥር የሚጥስ አልጠፋም፤ ሁለት ጊዜም ጠብ ተነሥቷል። ቢሆንም በሁለተኛው ክረምት ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ሽማግሌው ድርሻ እያከፋፈሉ ሰዉ በተራ አጨደው። እኔ በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ፤ የአጨዳውን ዜና የሰማሁት የቀረ ዕቃዬን ልወስድ እጃጂ በሄድኩ ጊዜ ለገበያ ከወረዱ የቀበሌው ሰዎች ነው። የሴትዮዋ ላም ጥጃ ወልዳ ነበር፤ ሴትዮዋ ከድርሻቸው ሣር አብዛኛውን ለዳለቻዋ እንዳስቀመጡላት ሰዎቹ ነገሩኝ።