በዳገቱ ላይ የጠፋችው ሞተር

ትእዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ኮረብታው አናት ላይ የነበረው ቃፊር ከወንዙ ማዶ ሁለት መትረየስ ተጠምዶ አየ። ከእኛ ወገን አንድ ጓድ፣ አሥራ አንድ ሰው፣ በዚያው መሻገሪያ ሦስት ሰዓት ላይ ሊሻገር ጎህ ሳይቀድ ወርዷል። የመገናኛ ሬዲዮው ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል። አዛዡ የትእዛዙን ወረቀት አጥፎ ሰጠኝና «ከሦስት በፊት ድረሱ፤ እንዳይሻገሩ» አለ።

እናንተ ዛሬ እዚህ ቆሰበር ከተማ ሞተራችሁን ልታሠሩ እኔ ዘንድ የምትመጡ ልጆች፣ ጦር ሜዳ እንዴት ነበር እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ስለ ጀግንነት የምነግራችሁ የለኝም። ስለዚያ ጠዋት ግን ልንገራችሁ።

የሻምበሉ መልእክተኛ ነበርሁ። የምነዳት ሞተር ብስክሌት አሮጌ ነበረች፤ ቤንዚን በካርቡሬተር የምትጠጣ፣ በእግር ተመትታ የምትነሳ። ከኋላዬ ጠመንጃውን ይዞ የተቀመጠው አሥር አለቃ ደሳለኝ የዳንግላ ልጅ ነው። ወንዙ ዳር ከወረደው ጓድ ውስጥ ደግሞ ምትኩ የሚባል የጥሊሊ ልጅ ነበር። ሦስታችን ከአንድ ማሠልጠኛ ወጥተን አንድ ምሽግ ውስጥ ክረምቱን ያሳለፍን ነን። ምትኩ ዝናብ ሲያስመርረን፣ እናንተ የከተማ ልጆች እኮ ዝናብ አታውቁም እያለ ይስቅብን ነበር።

መንገዱ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። ድንጋያማ ቢሆንም ከሃምሳ ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ተነሳን።

አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳገቱን ስንጀምር ሞተሯ ጉልበት አጣች። እጀታውን አዙሬ ነዳጅ ስጨምርላት ይብስ ደከመች። ሁለት ጊዜ ተንገጫግጫ ጠፋች። ቦታው ገላጣ ነበር። የከባድ መሣሪያ ጥይት ከቀኛችን አልፎ አልፎ ይወድቃል። የቤንዚን መያዣውን፣ ሰልባትዮውን፣ በሁለት እጄ ይዤ ነቀነቅሁት። ውስጡ ሲንቦጫረቅ ተሰማኝ። ቤንዚን አለ ብዬ ተውሁት። ክዳኑን አልከፈትሁም።

ጥቂት ቆይቼ በእግሬ መታኋት፤ ተነሳች። ሁለት መቶ ሜትር ሄዳ እንደገና ጠፋች።

ደሳለኝ ወርዶ ድንጋይ ተከልሎ ተንበረከከ። «የጎደላት እሳት ነው ቤንዚን?» አለኝ።

እሳት የምትረጨውን ካንዴላ ፈታሁ። ጫፏ ደረቅ ነው። ብረቱ ላይ አስጠግቼ ሞተሯን በእግሬ ስመታት እሳቷ ሰማያዊ ሆኖ ዘለለ። እሳት አለ፤ ቤንዚን ግን አልደረሰም ማለት ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ብሎን አላላሁ። ሙሉ መሆን የነበረበት ጎድጓዳ ሦስት ጠብታ ብቻ አወጣ። ከላይ የሚመጣውን ቱቦ ነቀልሁ። ቤንዚኑ መጀመሪያ በኃይል ወረደ፤ ወዲያው ቀጠነ፤ እንደ ክር ሆነ፤ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ።

ቆሻሻ ነው ብዬ ፈረድሁ። የቤንዚኑን መክፈቻ ዘግቼ የማጣሪያውን ኩባያ ፈታሁ። እጄ በላብ ተንሸራተተብኝ። ወንፊቱ ንጹሕ ነበር። ቢሆንም ነፋሁበትና መልሼ አሰርሁት። ስመታት ተነሳች። ዳነች ብዬ ተደሰትሁ። ቆማ የምትነሳ፣ ስትሄድ የምትጠፋ ሞተር ምን እንደምትነግረኝ ባስብ ኖሮ ያን ጊዜ ይገባኝ ነበር። አላሰብሁም። ቸኮልሁ።

አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ጠፋች። ሰዓቱ ሁለት ከሠላሳ ሆኗል። አንድ የከባድ መሣሪያ ጥይት ከመንገዱ በታች ወድቆ አፈር አለበሰን። እኔ ካርቡሬተሩን ልፈታ መፍቻ ሳነሳ ደሳለኝ ቤንዚኑ በእርግጥ ካለ በዓይናችን እንየው አለና ክዳኑን ራሱ አዞረው።

ሰልባትዮው ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ውኃ ውስጥ ቆይቶ እንደ ወጣ ሰው ነው የተነፈሰው። ሁለታችንም ሰማን።

ክዳኑን ተቀብዬ ገለበጥሁት። የሰልባትዮ ክዳን የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ አለችው። ቤንዚኑ ሲጎድል በእሷ በኩል አየር ይገባል፤ ከተዘጋች ቤንዚኑ እላይ ታንቆ ይቀራል። ስንቆም ቀስ እያለ ስለሚንጠባጠብ ነው ቆማ ትነሳ የነበረው። ያቺ ቀዳዳ በሳሙና ተደፍናለች። የደፈንኋት እኔ ነኝ። በዋዜማው ዝናቡ ሲበረታ ውኃ እንዳይገባ ብዬ፣ ሲያባራ ላነሳው፣ በጣቴ ጠቅጥቄበት ነበር። ረሳሁት።

በሽቦ ጫፍ ፋቅሁት። ደሳለኝ ሳሙናውንም እኔንም አየና ጠመንጃውን አንግቦ ከኋላዬ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሞተሯ አንድ ጊዜም አልጠፋችም።

ወንዙ ለመድረስ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረን መትረየሱን ሰማን። ሦስት ሰዓት ከአምስት ነበር። ስንደርስ የተረፉት ከድንጋይ ኋላ ተኝተዋል። ምትኩ ውኃው ዳር ነበር፤ ቀበቶውን ይዘን ጎትተን አወጣነው። ሞቷል።

ለአዛዡ ሞተሯ ተበላሸች ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ሐሰት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። በኋላ ለደሳለኝ ላስረዳ ስጀምር «ለእኔ አትንገረኝ፤ አይቻለሁ» ብሎ አቋረጠኝ።

ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ከተመለስሁ በኋላ ጥሊሊ ለመሄድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ ቀን በሚኒባስ ሄድሁ። የምትኩ አባት አጥር ሊያጥሩ ቀርከሃ ይሰነጥቁ ነበር። የልጃቸው ጓደኛ መሆኔን ስነግራቸው ተነሥተው አቀፉኝ፤ ያ ከሁሉ ከበደኝ። ቤት አስገብተው አስቀመጡኝ። ከትእዛዙ ጀምሬ ሳሙናው ድረስ ነገርኋቸው። ስጨርስ «ስንት ደቂቃ ነው የቆማችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«አርባ ደቂቃ ያህል ነው አባቴ» አልሁ። «ክዳኑን መጀመሪያ ከፍቼ ቢሆን እንደርስ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

አብረውን የተቀመጡት የምትኩ እናት አማርኛ ብዙ አይሰሙም። ባልየው ዞረው በአገውኛ አስረዷቸው። አገውኛ አልናገርም እንጂ እሰማለሁ። ይህ ልጅ እነ ምትኩን ሊያድን ሲመጣ ሞተሩ ተበላሸበት ነው ያሏቸው። ስለ ሳሙናው፣ ስለ መርሳቴ አንድም ቃል አልተናገሩም። እናትየው እጄን ይዘው አለቀሱ።

አባትየው እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ሚኒባሱ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ። ከዚያ ለሌሎቹ ሟቾች ቤተሰቦች ነግሬ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። አልነገርሁም አልሁ።

«ለእሷ ያልሁት ለእሷ ይበቃታል» አሉ። «አንተ ግን ሂድና ለሁሉም ንገር። እኔ ብቻዬን አልይዘውም።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

በዚያ መሻገሪያ የሞቱት አምስት ናቸው። የአራቱ ቤት ሄጃለሁ። አንዱ ቤት በሩን ዘጉብኝ፤ አንዱ ቤት ምሳ አቀረቡልኝ። የአምስተኛውን አገር የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ እየጠየቅሁ ነው። በሰዓቱ ብንደርስ ሁሉም ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም። ጦር ሜዳ ላይ እንዲህ ብሎ የሚምል ሰው አላየሁም። መትረየሱን የተኮሰው ሌላ ነው። አርባዋ ደቂቃ ግን የእኔ ናት።