አስቀምጪልኝ የተባልኩት ቃል

ዛሬ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር በማስተምርበት ክፍል አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ይታረምልኝ» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ በስደት አገር፣ ራስ ዲካ በሚባል ሰፈር፣ ካንዲት ያገራችን ሴት ቤት በሠራተኝነት ልትገባ ነው። ሴትዮዋ፣ ስሟን አልጠራም፣ ልጅ ያላት ሠራተኛ አልፈልግም ብላለች። በሩን ከማንኳኳታችን በፊት እናቴ አገጬን ያዝ አድርጋ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ነሽ፤ እትዬ በይኝ። እማዬ የሚለውን አስቀምጪልኝ፣ አንድ ቀን እጠይቅሻለሁ» አለችኝ። ጨዋታ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሴትዮዋ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ክፍል ባለፍኩ ቁጥር ጉልበቷን እስማለሁ። «እህትሽ እንኳን ፊደል አልቆጠረች፣ አንቺ ጎብዢ እንጂ!» ትለኛለች፣ እናቴ እዚያው ወለል እየወለወለች። እስካሁንም የሚያውቁን ሁሉ «ሴትዮዋ ባትኖር አስተማሪ ትሆኚ ነበር?» ይሉኛል። አልሆንም ነበር። የወሰደችብኝን ግን የጠየቀኝ የለም።

ሴትዮዋ ከሞተች ከዓመታት በኋላ እናቴ ሆስፒታል ተኛች። ከእንግዲህ እውነቱን የምንደብቀው ሰው አልነበረም። ነርሷ «ምኗ ነሽ?» ስትለኝ ቃሉ ምላሴ ላይ ደረሰ። እናቴ ቀደመችኝ።

«እህቴ ናት» አለች። በማግስቱ ሞተች።

ተማሪዎቹ መሳቃቸውን አልተዉም። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ደብተሯን አርሜ መለስኩላትና «ቲቸር በይኝ» አልኳት።