የብዙነሽ ስልክ እኔ ጋ ነበር

እኔ ምስጢር አልችልም። ብዙነሽ ይህን እያወቀች ነው ምስጢሯን እኔ ላይ የምትጥለው፤ ወላሂ ሆን ብላ ነው!

ብዙነሽ ዓለም ባንክ ሰፈር ጎረቤቴ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ሙስሊም፤ ተጣልተን አድረን አናውቅም። ረቡዕ ረቡዕ ከቤተክርስቲያን እህቶቿ ጋር ወጨጫ ተራራ፣ ጫካው ውስጥ ልትጸልይ ትወጣለች። ደም ግፊቷ አንዴ መንገድ ላይ ከጣላት ወዲህ ግን ልጇ ሩሃማ ከልክላታለች። ተወች? የት! ስልኳን እኔ ሱቅ አስቀምጣ፣ «ከደወለች ደንበኛ ልትለካ ሄደች በያት» ብላኝ ሹልክ ትላለች። ስልክ ይዛ ከወጣች ሐሳቧ ይበተናል አሉ።

ባለፈው ረቡዕ ቀትር ላይ ከሱቄ ብቅ ስል ተራራው ይጨሳል። መጀመሪያ ከሰል የሚያከስሉ መሰለኝ። ቆይቶ ጭሱ ጠቁሮ ተራራውን ሸፈነው፤ ነፋሱ ወደኛ ሲዞር ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ የተሰጣው ልብስ ላይ አመድ ወረደ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። እኔ መቆምም መቀመጥም አቃተኝ። ስኳር ላለኝ ሰው ጨው መዘንኩለት።

የብዙነሽ ስልክ ጠራ። ሩሃማ ናት።

«እትዬ ፈይዛ፣ እማዬስ?»

«ደንበኛ ልትለካ ሄደች።»

«የት ሰፈር?»

ብናገር ብዙነሽ ዓይንሽን ላፈር ትለኛለች። ዝም ብል ደግሞ... ያረቢ፣ እናቷ ናት እኮ!

«ወጨጫ ናት» አልኳት። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ብዙነሽ ከታክሲ ወረደች። ፊቷ ጥላሸት ብቻ፣ የነጠላዋ ጫፍ ተቃጥሏል፣ ግን ደህና ናት። በተራራው ጀርባ ዞረው ነው የወረዱት። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እሷ ግን ገፋ አደረገችኝ።

«ሩሃማ ደወለች?»

«ደወለች።»

«ነገርሻት?»

የነጠላዋን አመድ ማራገፍ ጀመርኩ።

«ፈይዛ! እዚያ ጭስ ውስጥ ሆኜ የለመንኩት እኮ አንድ ነገር ነው፤ አንቺ አፍሽን እንድትይዢ! ያቺ ልጅ ከሰማች እሳት ውስጥ ትገባለች!»

ልጅቷን የላክኋት እኔ ነኝ። ደጋግመን ደወልን፤ ጥሪ አትቀበልም ይለናል። ብዙነሽ ታክሲ ላስቁም ብላ አስፋልት መሃል ገባች። ልብሷን ይዤ ስጎትታት፣ ስትሰድበኝ፣ ስልኩ ጠራ።

ሩሃማ ናት፣ ትንሰቀሰቃለች። ፖሊሶች ከተራራው ስር አላሳልፍ ብለዋታል። «እማዬን አጣኋት፣ እትዬ ፈይዛ!»

ስልኩን ለእናቷ ሰጠኋት።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች ብዙነሽ። ድምጿ ተቆረጠ። «አለሁ። ደህና ነኝ። እዚያው ቁሚ፣ እኔ እመጣለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ይገትርሻል? ሱቁን ዝጊና ነይ!»

ሄድን። ሩሃማ ጋ እስክንደርስ ድረስ እጄን ጨብጣ አልለቀቀችኝም። አንድም ቃል ግን አልተነፈሰችልኝም።