ደብዳቤ ሲመጣ ማን ያነብላችኋል?

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የትምህርት ጥናት አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ያንኑ ክርክር ያመጡብኛል፤ ሰውን ሰብስቦ መጠየቅ ይሻላል ወይስ ቤት ለቤት መዞር? እኔም የመጽሐፉን መልስ ሰሌዳው ላይ ጽፌ እገላገላቸዋለሁ። የራሴን መልስ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። እሱን የተማርኩት በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ዋጋውን የከፈለውም ሌላ ሰው ነው።

ያኔ ቡታጅራ ላይ ለጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ነበርኩ። ቋንቋውን የለቀምኩት ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ ቤት ተቀጥሬ ነው። ሰው ከኋላዬ ባንዳ ይለኝ ነበር፤ ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተማረ ወጣት እየታደነ ሲገደል እኔ በዚያች ቋንቋ ተርፌያለሁ። በየገጠሩ የተሸሸገው የተማረ ሰው ሁሉ ማንበብ እችላለሁ ማለት አንገት ማቅረብ እንደሆነ ያውቃል።

አንድ ቀን ሹሙ ጠርቶ ቅጽ ሰጠኝ። ከአገሬው ሰው ማን ያነባል? የት ተማረ? ማን አስተማረው? ምን ሊደረግ ነው ብዬ ብጠይቀው ትምህርት ቤት ልንከፍት ነው አለኝ። አመንኩት። ማመን ስለፈለግሁ ነው ያመንኩት።

የሱ ዘዴ ሰው መሰብሰብ ነበር። መጀመሪያ ወልቂጤ ሄደን ገበያተኛውን በሰልፍ አቆመና "ማንበብ የሚችል እጁን ያንሳ!" አስባለኝ። አንድም እጅ አልተነሳም። ከልጅነቱ ጀምሮ ቁርኣን ሲቀራ ያደገው ሼህ መሬት መሬት ያያል፤ ዳዊት በቃሉ የሚወርደው ቄስም አጠገቡ ቆሞ እንደሱው መሬት መሬት ያያል። እንሴኖ ገበያ ላይም እንደዚያው ሆነ። እዚያ ፊት ለፊቴ የቆመውን ረጅም ሰውዬ አስታውሳለሁ፤ እጁ እስከ ክርኑ የእንሰት ጭቃ ነው። ሹሙ በጣቱ ሲጠቁመው "እኔ ገበሬ ነኝ፣ ፊደል አላውቅም" አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

ሹሙ ሳቀ። "ሕዝቡ በሙሉ ደንቆሮ ነው" ብሎ ሊጽፍ ሲል ደሜ ፈላ። ለሕዝቡ ተቆርቁሬ ቢሆን ደግ ነበር። የተናደድኩት ግን ሥራው ስለተበላሸ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲህ አይጠየቅም አልኩት። ለብቻዬ ልዙር፣ ወታደር አይከተለኝ፣ ጥያቄውንም ልቀይረው። ማንበብ ትችላለህ አልልም፤ ደብዳቤ ሲመጣ ማን ያነብላችኋል እላለሁ። በዚያ አገር ለንግድ አዲስ አበባ የወጣ ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ በነጋዴ እጅ ይመጣል። ሹሙ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በእንሴኖ ዙሪያ ቤት ለቤት ዞርኩ። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ የእንሰት ምንጣፋቸው ጅባ ላይ እቀመጣለሁ፣ ቆጮ በጎመን ይቀርብልኛል፣ ስለ ከብቱ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ከዚያ ጥያቄዬን እንደ ዋዛ ጣል አደርጋለሁ። በዚያ መንደር ውለታ የዋለን ሰው ስሙን ከነአባቱ ጠርተው ሳይመርቁ ማለፍ ነውር ነው። "አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት!" ትላለች አንዷ፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ቤቱ ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ አንድ ሳታስቀር። "ለደብዳቤ አንድ ነገር አይቀበልም እኮ። የልጄን ቃል ሲያነብልኝ አብሮኝ ያለቅሳል።" የሚቀጥለው ቤትም ምረቃው ለሱ ነው። ከዚያም ቀጥሎ ያለው።

ስም ያልጠራችልኝ አንዲት አሮጊት ብቻ ናት። "ለኛ ደብዳቤ አይመጣም" አለችና ወጭቱን አነሳች። ኋላ እንደሰማሁት ሁሉም የሚመርቁት የዚያ ሰው እናት ነበረች።

ቢሮ ተመልሼ ወረቀቶቹን ስደረድር ሁሉም አንድ ሰው ላይ ተገናኙ። አዲስ አበባ አስተማሪ የነበረ፣ ሸሽቶ እናቱ ጓሮ እንሰት የሚቆፍር። ቁመናውን ሲነግሩኝ አውቄዋለሁ፤ ገበያው ላይ እጁ ጭቃ የነበረው ያ ረጅም ሰውዬ ነው። እዚህ ላይ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ መክተት ይቻል ነበር። እኔ ግን ንጹሕ አድርጌ ገለበጥኩት፤ ከግርጌውም "ለሚከፈተው ትምህርት ቤት አስተማሪ መሆን የሚችል" ብዬ ጨመርኩበት። አላወቅሁም ነበር ብል እዋሻለሁ። ግማሹን አውቅ ነበር፤ ሌላውን ግማሽ ደግሞ በሥራዬ ማማር ሸፈንኩት።

ሹሙ ያን አንድ ገጽ ለይቶ አጠፈና ኪሱ ከተተው። በማግስቱ ጠዋት ሰውዬውን ከማሳው ወስደው ካሚዮን ላይ ጫኑት፤ ካሚዮኑ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ትምህርት ቤት አልተከፈተም።

በሳምንቱ እናቱ ቢሮው በር ላይ መጣች። ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ምናለ በረገመችኝ! እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ጎረቤቶቼን አልቀየምም፤ እነሱ መረቁት እንጂ ምን አደረጉ። አንተንም ልቀየምህ አልመጣሁም። ያንን ሰው በቋንቋው የምታናግረው አንተ ነህ። ልጄ የት እንዳለ ጠይቅልኝ። ሞቶም እንደሆን ልወቀው፣ ላልቅስለት።"

"እሺ እናቴ፣ እጠይቃለሁ" አልኳት።

ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በየገበያው ቀን መጣች። የቢሮው ጥላ ውስጥ ቁጭ ትላለች፣ እኔ ስወጣ ትነሳለች። "ጠይቄያለሁ፣ ገና አልመለሱልኝም" እላታለሁ። አመስግናኝ ትሄዳለች።

የሹሙ ጠረጴዛ ከኔ ጠረጴዛ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።