ደላላው ጀይሉ ቤት ሲፈልግ

ጀይሉ የሰንበቴ ገበያ ከብት ደላላ ነበር። ለብዙ ዓመታት ከአፋር ቆላ የወጣውን ግመልና ከደጋ የወረደውን በሬ ሲያሻሽጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን የደነበረ ኮርማ ጉልበቱን ረገጠውና ፀሐይ ላይ ቆሞ መዋል አልሆንልህ አለው። ከዚያ ወዲህ ከሚሴ ገብቶ ቤቱ ተቀመጠ። እሱ ተቀመጠ እንጂ አፉ አልተቀመጠም። ጀይሉ አንካሳ በሬ ሲያመሰግን የሰማ ሰው፣ በሬው የሚያነክሰው ከትሕትናው ብዛት ይመስለው ነበር።

«መጠጊያ» የተባለው ማህበር የፈለገው ይህንን አፍ ነው። መጠጊያ ከሚሴ ውስጥ ቤት ላጡና ኪራይ ላቃታቸው ቤተሰቦች ቤት የሚፈልግ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ የሚያግዝ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማህበር ነው። ቢሮው ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ስትሆን ኃላፊዋ ፈይሩዝ ትባላለች። ፈይሩዝ ረጋ ያለች ወጣት ናት፤ የምትናገረው ትንሽ ነው፣ የተናገረችውን ግን አትረሳም። እሷን እንቅልፍ የሚነሳት የአከራዮች ነገር ነበር። ቤት የሌለው ሰው ዋስ የለውም፤ ዋስ የሌለውን ደግሞ ማንም ግቢው አያስገባም። «ሰው የሚያሳምን ሰው ፈልጉልኝ» ብትል ከተማው በሙሉ ወደ ጀይሉ ጠቆማት።

በመጀመሪያው ቀን አስቀምጣ መከረችው። «ጋሼ ጀይሉ፣ አንድ ነገር ብቻ አደራ። አከራዮቹን እውነቱን ይንገሯቸው። የቤተሰቡን ቁጥር፣ ሥራቸውን፣ ችግራቸውን፣ ሁሉንም።»

ጀይሉ ሳቀ። «ልጄ፣ እውነት እየተናገረ በሬ ያሻሻጠ ደላላ እስካሁን አላየሁም።»

«እኛ እኮ በሬ አይደለም የምናሻሽጠው።»

«በሬማ ይሻል ነበር። በሬን ስንት ልጅ አለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም» አለና ዱላውን አንስቶ ወጣ።

ሐቁን ለመናገር ሥራው ተዋጣለት። እያነከሰ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፤ የማን ልጅ ጅዳ ሄዶ ክፍሉ ባዶ እንደቀረ፣ የማን ተከራይ ሊወጣ እንደሆነ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። ገብቶ ሰላምታውን ያበዛል፤ ከብት፣ ዝናብ፣ ጤና ይጠይቃል። ከዚያ የሚያመጣውን ቤተሰብ ሲያመሰግን አከራዩ ራሱ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ይምጡ እንጂ!» ይለዋል። በረንዳ ላይ ክረምቱን ያሳለፉ ስንቶቹ በዚህ ምላስ ጣሪያ አገኙ። ፈይሩዝም ምክሯን የረሳች መሰለች። አልረሳችም።

ከዚያ የረቢአ ጉዳይ መጣ። ረቢአ ባሏ የሞተባት፣ መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት። ተከራይታበት የነበረው የጭቃ ቤት በነሐሴ ዝናብ ግድግዳው ተንዶ፣ ከአምስት ልጆቿ ጋር አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ማደር ከጀመረች ሰንብታለች። ማታ ማታ አምስቱንም በአንድ ብርድ ልብስ ስር ደርድራ እሷ ከዳር ትተኛለች። ብርድ ልብሱ ለእሷ አይደርስም።

ጀይሉ ለረቢአ ያሰበው ቤት የእትዬ ዓዲላ ነበር። እትዬ ዓዲላ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉ፣ እግራቸው የሚያብጥባቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ሰፊ ክፍል የተዘጋችባቸው ሴት ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ ዓዲላ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያለ ገባ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ደግሞ ምን ልትሸጥልኝ ነው የመጣኸው?»

ጀይሉ ረቢአን እንደሚያውቅበት አመሰገናት። እትዬ ዓዲላ እስከ መጨረሻው ሰሙትና «እጆሌስ? ልጆች ስንት ናቸው?» አሉ። «ውኃው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድም እየሞላ ነው። ከሁለት ልጅ በላይ አልችልም።»

እዚህ ላይ ጀይሉ ትንሽ ዝም ማለት ይችል ነበር። ግን በሬ ፊት ለፊቱ ቆሞ ገዥ ሲያመነታ ያየ ደላላ ዝም ማለትን ከየት ያመጣዋል? «ሁለት ናቸው፤ ያውም እንደ ሽማግሌ የረጉ!» አለ።

ለረቢአም ዘዴውን ነገራት። ገበያ ላይ ጥሩ ጥሩዎቹ ከብቶች ከፊት ይቆማሉ፤ እሷም ዝምተኞቹን ሁለቱን ትላልቆች ይዛ ትገባለች። ሦስቱ ጨፋ ሮቢት እህቷ ዘንድ ይቆያሉ፤ ከዚያ «የእህቴ ልጅ ነው፣ ለእንግድነት ነው» እያለች አንድ በአንድ ታስገባቸዋለች። ረቢአ መሬት መሬት እያየች ሰማችው። ልጅን ከልጅ መለየት አልፈለገችም፤ ክረምቱ ግን ገና አልወጣም ነበር። እሺ አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትንሿ፣ የአራት ዓመቷ ዓፊያ፣ እናቴን ብላ አልበላ አልጠጣ ስላለች ቀድማ መጣች። ረቢአ መንገድ ላይ አስጠናቻት፤ «እዚያ ግቢ ስንገባ እንግዳ ነኝ በይ፤ እሺ?» ልጅቷ ትምህርቷን ጥሩ አድርጋ ያዘች። በማግስቱ እትዬ ዓዲላ በረንዳቸው ላይ ለዙህር ሶላት ውዱ ሲያደርጉ፣ እጅ እግራቸውን ሲታጠቡ፣ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች።

«አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» አሏት።

«እኔ እንግዳ ነኝ።»

«የማን እንግዳ?»

«የእማዬ።»

እትዬ ዓዲላ ውኃውን አፍስሰው ጆጉን አስቀመጡ። ረቢአን ጠርተው የቀሩትን ልጆች ቁጥር ሲሰሙ አልጮሁም፤ «እስከ ጁምዓ ቤት ፈልጊ» ብቻ አሉ።

ረቢአ ወደ ጀይሉ የሄደችው ልትወቅሰው አልነበረም። በሩ ላይ ቆማ «ልጄ የገዛ እናቷ ቤት ውስጥ እንግዳ ነኝ አለች፣ ጋሼ ጀይሉ» አለችው። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ጀይሉ በሕይወቱ ስንት ነገር ዋሽቶ አድሯል፤ ይሄኛው ግን እንደ ኮርማው ረገጠው።

የደላላነቱን ሥራ ያስተማረው አጎቱ ሲራጅ ነበር። አጎት ሲራጅም ቢሆን መልአክ አልነበረም፤ ነገር ግን አንድ የማያፈርሰው ደንብ ነበረው። እንከኑን ደብቀህ ያሻሻጥከው ከብት ከታወቀብህ፣ ገዥው ጎትቶ እስኪያመጣልህ አትጠብቅ። አንተ ራስህ ደጁ ሂድ፣ ገመዱን ያዝ፣ የከብቱን እንከን ሁሉ በሰው ፊት ተናገር። ከዚያ ይተወው ወይም ይያዘው፣ ፍርዱ የገዥው ነው።

ጀይሉ መጀመሪያ ፈይሩዝ ዘንድ ሄዶ ያደረገውን ነገራት፤ ምስክር እንድትሆነውም ለመናት። «ነግሬዎት ነበር» አላለችም። ብትለው ይቀለው ነበር።

ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ጀይሉና ፈይሩዝ እትዬ ዓዲላ ግቢ ገቡ። የረቢአ ዕቃ በር ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል። ረቢአ ዓፊያን አቅፋ ዕቃው ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቶችም፣ ይህን የመሰለ ነገር መቼ ያልፋቸዋል፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብቅ ብለዋል። እትዬ ዓዲላ ተቀመጥ አላሉትም፤ እሱም ቆሞ ነው መናገር የፈለገው።

«እትዬ ዓዲላ፣ እንከናቸውን ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አለ። «ልጆቹ አምስት ናቸው። ሦስተኛው ያገኘውን ግድግዳ ሁሉ ጎል የሚያደርግ የኳስ ሸይጣን ነው። አራተኛዋ በትንሽ በትልቁ ታለቅሳለች። ይቺን ትንሿን አውቀዋታል፣ አፏ አያርፍም። ሳምቡሳው ሲጠበስ ግቢው በዘይት ይሸታል። ውኃዎ ያልቃል፣ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ትልቁ እንከን ግን እኔ ነኝ። ረቢአ የዋሸችው እኔ ስላስጠናኋት ነው። ወላሂ፣ የቀረ የለም።»

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። እትዬ ዓዲላ ግን አልሳቁም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እስቲ አሁን ደግሞ ደጉን ንገረኝ።»

«ደጉን አልናገርም» አለ ጀይሉ። «የእኔ ምስጋና ከእንግዲህ ምን ይረባዎታል?»

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ» አሉ እትዬ ዓዲላ። «ይቺ ሴት ከገባች ጀምሮ ለሱብሂ ሶላት ስነሳ የውዱዬ ውኃ ሞቆ ይጠብቀኛል። እግሬ ያበጠ ቀን ሳልጠራት መጥታ አሸችኝ። ልጆቼ ከሄዱ ወዲህ በሬን አንኳኩቶ ‹አደሩ ወይ?› ያለኝ ማን አለ? እሷ ናት። ሁለት ልጅ ያልኩት ውኃውን አስቤ ነው። ያቃጠለኝ ሌላ ነው፤ ሕፃን ልጅ በገዛ ግቢዬ ከእኔ ተደበቀች! ጅብ ነኝ እንዴ እኔ?» ረቢአ ማልቀስ ጀመረች።

ጀይሉ በዚያ ሁሉ የገበያ ዘመኑ የከብቱን እንከን የሚቆጥር ገዥ እንጂ የሚያመሰግን ገዥ ሰምቶ አያውቅም። ሄዶ ዕቃው ላይ፣ ረቢአ አጠገብ ተቀመጠ።

ፈይሩዝ ሁሉን ስትሰማ ቆይታ «ጉድጓዱን ለእኛ ይተዉልን» አለች። «ማህበሩ ሲሚንቶውን ይችላል፤ ቁፋሮውን የሰፈሩ ቅሬ በደቦ ያወጣዋል። የውኃ በርሜልም እናመጣለን።» ቅሬ ማለት በደስታም በኀዘንም የሰፈሩን ሰው የሚያሰባስበው የመረዳጃ ማህበር ነውና፣ አጥሩ ላይ የነበሩት ጎረቤቶች ለወሬ መጥተው ለቁፋሮ ተያዙ።

«ኳሱ በጓሮው ግድግዳ ብቻ ነው» አሉ እትዬ ዓዲላ። «አንተም፣ ጀይሉ፣ ዋስ ትሆናለህ። በምላስህ አይደለም፣ በእግርህ ነው። ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ እየመጣህ እንከን ካለ ትሰማለህ። አሁን ያንን ዕቃ ፍቱ፤ የቀሩትን ልጆች ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ በትልቁ በር ነው የምታስገቡልኝ!»

ልጆቹ በማግስቱ ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ መጡ። ኳሱም አብሮ መጣ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጁምዓ ጀይሉ ከመስጊድ ወጥቶ እያነከሰ ሄደና በሩን አንኳኳ። የከፈተችው ዓፊያ ናት። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ እሱ በሬ የሚያየው እንደዚያ ነበር።

«አንተ እንግዳ ነህ?»

«አዎ።»

«የማን እንግዳ?»

ጀይሉ ወደ ውስጥ አየ። ጓሮ ኳስ ግድግዳ ይመታል፣ አንዲት ልጅ ታለቅሳለች፣ ዘይት ይሸታል። እትዬ ዓዲላ በረንዳው ላይ ሆነው ለረቢአ የሚያወሩት እዚህ ድረስ ይሰማል።

«የእናንተ» አላት።

ዓፊያ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። «እኔ አሁን እንግዳ አይደለሁም» አለችና ልታስገባው ከፊት ከፊቱ ሄደች።